ከአንድ ሴንቲ ሜትር የቀጠነ ዕድል

ክረምቱ ወጥቶ ፀሐይ ስትበረታ፣ ሎሚ ዛፍ ካለበት ጓሮ አንዲት ትልቅ ቢራቢሮ አትጠፋም። ጥቁር ክንፏ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ተረጭቶበታል፤ የኋላ ክንፎቿ ላይ ቀይና ሰማያዊ የዓይን ቅርጽ አላት። የሳይንስ ስሟ ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ ነው። አባጨጓሬዋ የሎሚና የብርቱካን ቅጠል ስለሚበላ ከሰው ቤት አትርቅም። አበባ ስትቀስም እንኳ ክንፏ አያርፍም፤ ይርገበገባል።

እሷን ስትበር ፎቶ ላነሳ ስንት ጠዋት ተመላልሻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ይዤ የምገባው ባዶ ቅጠል ነው። አንዳንዴ ሲቀናኝ ሰዎች «ዕድለኛ ነህ» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ዕድል አለበት፤ ግን የሚለካ ዕድል ነው።

እንዲህ ያለች ቢራቢሮ በሰከንድ 10 ጊዜ ገደማ ክንፏን ትመታለች። ክንፉ 5 ሴንቲ ሜትር ቢረዝም ጫፉ በሰከንድ 2 ሜትር ያህል ይጓዛል ማለት ነው። የካሜራው ሹተር ለ1/250 ሰከንድ ቢከፈት፣ በዚያች ቅጽበት ጫፉ 8 ሚሊ ሜትር ይሄድና ፎቶው ይደበዝዛል። በ1/4000 ሰከንድ ግን የሚሄደው ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ፍጥነቱን ካሜራው ይችለዋል።

የሚያስቸግረው ርቀቱ ነው። በማክሮ ሌንስ ከግማሽ ሜትር ሲነሳ፣ ጥርት ብሎ የሚወጣው ስፍራ ውፍረቱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያንሳል። ዓይን አይቶ ጣት እስኪጫን ደግሞ አንድ አምስተኛ ሰከንድ ያህል ያልፋል፤ እስከዚያ ቢራቢሮዋ ክንፏን ሁለቴ መትታ ሌላ ቦታ ደርሳለች። የት እንደምትደርስ መገመት ይከብዳል። ክንፏ ከአካሏ አንጻር እጅግ ሰፊ ስለሆነ በእያንዳንዱ ምት ሰውነቷ ይነሳል፣ ይወድቃል። ይህ መንገዳገድ ለሚያሳድዳት ወፍም ፈተና ነው። ሌላም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የስዊድን ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ የቢራቢሮ ክንፎች ከጀርባዋ በላይ ሲጨበጨቡ ጎድጎድ ብለው አየር እንደሚያፍኑና ወደ ኋላ እንደሚገፉት፣ እሷም በዚያ ኃይል ወደፊት እንደምትወነጨፍ አሳይተዋል።

እንግሊዛዊው ፎቶ አንሺ ስቲቨን ዳልተን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጣቱን ከነገሩ አወጣ። ነፍሳቱ በሚያልፉበት የብርሃን ጨረር ዘረጋ፤ ጨረሩን የሚያቋርጡት ነፍሳት ራሳቸው ካሜራውን ያስነሳሉ፤ ፍላሹም ለ1/25000 ሰከንድ ብልጭ ይላል። የዛሬ አንዳንድ ካሜራዎች ደግሞ ጣት ከመጫኑ በፊት የነበሩትን ምስሎች ይዘው ይቆያሉ።

እኔ ያለኝ ተራ ካሜራ ነው። ስለዚህ ቢራቢሮዋን አላሳድድም። ጠዋት ሰውነቷን ለማሞቅ ክንፏን ዘርግታ ፀሐይ ስትሞቅ እጠብቃታለሁ፤ ፎከሱን ቀድሜ ወደምትመላለስበት አበባ አስተካክላለሁ፤ ክንፏ በጎን እንዲታየኝ እቆማለሁ፤ ከዚያ ስትጠጋ ደጋግሜ አነሳለሁ። ከሁሉ የምወዳት አንዲት ፎቶ አለችኝ። ክንፎቿ ከጀርባዋ በላይ ሊገጥሙ ጥቂት ቀርቷቸዋል፤ ምላሷ እንደ ሰዓት ሞላ ተጠቅልሏል። አንቴናዎቿ ፀጉር እስኪመስሉ ጠርተዋል፤ ወደ እኔ የዞረው ክንፍ ጫፍ ግን ደብዝዟል።