«ስልኬ ተጠለፈ» ከማለታችን በፊት

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ያለ ኢትዮጵያዊ ብዙ ጊዜ ሁለት ሲም ይይዛል፤ አንዱ የሀገር ቤቱ፣ ሌላው በ77 የሚጀምረው የጅቡቲ ቴሌኮም ቁጥር። ፒኬ 12 ላይ ጭነት የሚጠብቀው ሹፌርም፣ በሰው ቤት የምትሠራው እህትም፣ ባልባላ ክፍል ተከራይቶ ሥራ የሚያፈላልገው ወጣትም ቤተሰቡን የሚያገኘው፣ ገንዘብ የሚያስልከው፣ ወሬ የሚሰማው በዚያው ስልክ ነው። ስለ ስልኩና ስለ ኢንተርኔት ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፈው ምክር ግን ብዙው የተሳሳተ ነው። ሰው መፍራት ያለበትን ትቶ የማያስፈራውን ይፈራል፤ የሚጎዳውም በዚህ ክፍተት ነው።

«ሀከሮች ስልኬን ሰብረው ገቡ»

አብዛኛውን ጊዜ የሰበረ የለም። የሆነው እንዲህ ነው፦ ከሚያውቁት ሰው ዋትስአፕ «በስሕተት ኮድ ወደ አንተ ልኬያለሁ፣ እባክህ መልስልኝ» የሚል መልእክት ይመጣል። ወዲያው 6 አኃዝ ያለው ቁጥር በኤስኤምኤስ ይገባል። የላከው ወዳጅ ነውና ቁጥሩ ይላክለታል። ጥቂት ቆይቶ ዋትስአፑ ከስልኩ ላይ ይዘጋል፤ በባለቤቱ ስምና ፎቶ «ቸግሮኛል፣ ለዛሬ ብቻ አበድረኝ» የሚል ልመና ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ይደርሳል። ኮዱን የጠየቀው ወዳጅም ከእሱ በፊት ዋትስአፑ በዚሁ መንገድ የተወሰደበት ሰው ነበር።

ዋትስአፕ ሰውን የሚያውቀው በስልክ ቁጥሩ ነው፤ ያ ኮድም ቁጥሩ የእርስዎ መሆኑን የሚያረጋግጥበት ዋና መንገድ ነው። ስለዚህ ለእናት፣ ለጓደኛ፣ «ከድርጅቱ ነው የምደውለው» ለሚል ሰው፣ ለማንም አይሰጥም። ከተሰጠ ደግሞ ጊዜ ሳይፈጁ ዋትስአፕን በራስ ቁጥር እንደገና ማስመዝገብ ነው። አዲሱን የኤስኤምኤስ ኮድ ሲያስገቡ ሌባው ይባረራል። እሱ ቀድሞ የራሱን የምስጢር ቁጥር አስገብቶበት ከሆነ 7 ቀን መጠበቅ ሊያስፈልግ ይችላል፤ በእነዚያ ቀናት ግን እሱም ከውጭ ነው። ይህ ከመድረሱ በፊት ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚለውን መክፈትና 6 አኃዝ ያለው የራስ ቁጥር ማስቀመጥ ከሁሉ የሚሻለው ጥንቃቄ ነው። ኮዱ ቢያመልጥ እንኳ ሌባው ሁለተኛውን በር አያልፍም።

የተታለለ ሰው ብዙ ጊዜ ያፍራል፣ ያፍርና ዝም ይላል። እሱ ዝም ባለበት ሰዓት ነው አክስቱ ገንዘብ የምትልከው። በሌላ ሰው ስልክ ደውሎ «ያ እኔ አይደለሁም» ማለት ሊቀድም ይገባል።

«ሲሙ እጄ ላይ ነው፣ ስለዚህ የእኔ ነው»

ይህ ለስደተኛ ከሌላው ሁሉ የባሰ አደገኛ እምነት ነው፤ ያም ሆኖ ማንም አያነሳውም። መታወቂያ የሌለው ሰው በአሠሪ ወይም በጓደኛ ስም በወጣ ሲም ይጠቀማል። የቁጥሩ ሕጋዊ ባለቤት ግን ስሙ የተመዘገበው ሰው ነው። እሱ ሄዶ «ሲሜ ጠፋብኝ» ቢል ምትክ ሲም ይሰጠዋል፤ በቁጥሩ የተከፈተው ዋትስአፕ፣ ቴሌግራምና የገንዘብ ሂሳብም ለእሱ ክፍት ሊሆን ይችላል። ገንዘብ የሚቀመጥበትን ሂሳብ በሌላ ሰው ስም ባለ ቁጥር መክፈት፣ ከተጣሉ በኋላ ለመጸጸት መዘጋጀት ነው።

ወደ ሀገር የሚመለስም አለ። የጅቡቲው ሲም አገልግሎት ሳይሰጥ ሲቆይ ይዘጋል፤ ቁጥሩም ውሎ አድሮ ለሌላ ደንበኛ ሊሸጥ ይችላል። ቴሌግራም መልእክቶችን የሚያስቀምጠው በራሱ ሰርቨር ላይ ስለሆነ፣ ተጨማሪ የይለፍ ቃል ካልተደረገበት አዲሱ የቁጥሩ ባለቤት ኮዱን ተቀብሎ የዓመታት ወሬና ፎቶ ሊያይ ይችላል። ከጅቡቲ ከመነሳት በፊት በሁለቱም መተግበሪያዎች «ቼንጅ ነምበር» የሚለውን ተጠቅሞ ወደ ኢትዮጵያው ቁጥር መዛወር የደቂቃዎች ሥራ ነው።

«የአሠሪዬን ዋይፋይ ከተጠቀምኩ የምጽፈውን ያነባሉ»

አያነቡም። ዋትስአፕ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ መልእክትን ከላኪው ስልክ እስከ ተቀባዩ ስልክ ድረስ ቆልፎ ነው የሚያስተላልፈው። የዋይፋዩ ባለቤት ዋትስአፕ መከፈቱን ሊያውቅ ይችል ይሆናል፤ የተባለውን ግን አያይም። ቴሌግራም ከስልክ እስከ ስልክ እንደዚህ ያለ ቁልፍ ያለው «ሲክሬት ቻት» በሚባለው ላይ ብቻ ነው፤ ሌላውንም ግን የዋይፋዩ ባለቤት አያነበውም። እውነተኛው ስጋት ስልኩን ለአንድ ደቂቃ በእጁ የያዘ ሰው ነው፤ ዋትስአፑን ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ሊመልስ ይችላል። «ሊንክድ ዲቫይስስ» የሚለውን ከፍቶ የማያውቁትን መሣሪያ ማስወጣት ነው።

«ስክሪንሹት ልኮልኛል፣ ገንዘቡ ገብቷል»

ፍራንኩን እዚህ በእጅ ሰጥቶ ብሩን በሀገር ቤት በቴሌብር የሚያስቆጥር ሰው ይህን ልብ ይበል። ስክሪንሹት ስዕል ነው፤ ስዕል ደግሞ ማንም ይሠራዋል። ፍራንኩ ከእጅ ከመውጣቱ በፊት ተቀባዩ ራሱ በ*127# ወይም በመተግበሪያው ቀሪ ሂሳቡን አይቶ በስልክ ያረጋግጥ። «ቸኩያለሁ፣ መኪናው ሊሄድ ነው» የሚል ካለ፣ ጥድፊያው ራሱ ይመርመር።

በማኅበራዊ ሚዲያ ከስም ጎን የምትታየው ሰማያዊ ምልክትም የሐቀኝነት ማረጋገጫ አይደለችም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በኤክስም በፌስቡክም በየወሩ ከፍሎ የሚያገኛት አለ። በብራውዘር ላይ የነበረችው የቁልፍ ምልክትም መስመሩ የተቆለፈ መሆኑን እንጂ የድረ ገጹ ባለቤት ታማኝ መሆኑን አትናገርም ነበር። ብዙ ሰው እየተሳሳተባት ስላስቸገረ ጉግል በ2016 ዓ.ም. መባቻ ከክሮም ላይ በሌላ ምልክት ተካት።

«ኔት ከጠፋ መንግሥት አጥፍቶት ነው»

አንዳንዴ ነው፣ አንዳንዴ አይደለም። በኢትዮጵያ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል የተቋረጠው በትእዛዝ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ከየካቲት እስከ ሐምሌ ታግደው ቆይተዋል። ነገር ግን ሩቢማር የተባለች የጭነት መርከብ የካቲት 10 ቀን 2016 ዓ.ም. በየመን ሁቲዎች ሚሳይል ከተመታች በኋላ፣ የጣለችው መልሕቅ በቀይ ባሕር ወለል ላይ እየተጎተተ 3 የኢንተርኔት ገመዶችን ሳይበጥስ እንዳልቀረ ተነግሯል። ብዙዎች ከሳተላይት ይወርዳል ብለው የሚያስቡት ኢንተርኔት በአህጉራት መካከል በአመዛኙ የሚጓዘው በባሕር ውስጥ ገመድ ነው። ጅቡቲ ከእነዚህ ገመዶች ብዙዎቹ ከባሕር ወደ የብስ የሚወጡባት ከተማ ናት፤ የኢትዮጵያም ግንኙነት በከፊል በእሷ በኩል ያልፋል።

በእገዳው ጊዜ ብዙ ሰው ያገኘውን ነፃ ቪፒኤን ጫነ፣ እስካሁንም አላነሳውም። ቪፒኤን ከቴሌው ይሸፍናል፤ የሚጎበኙትን ሁሉ ግን ለቪፒኤኑ ባለቤት ያሳየዋል። ስሙ የማይታወቅ ከሆነ ቢነሳ ይሻላል።

«ቲክቶክ ላይ ፊቱን እያሳየ የሚያወራ ሰው አይዋሽም»

ሳዑዲ ደርሶ መኪና ላይ ተደግፎ የሚታይ ወጣት፣ ከሥሩም «መንገዱን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ያናግረኝ» የሚል ጽሑፍ። ቪዲዮው ስለ በረሃው፣ ስለ ጀልባውና በየመን ስላሉት የእገታ ቦታዎች አንድም ቃል አይናገርም። ደላላው የሚያሳየው የደረሱትን ብቻ ነው። መጋቢት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ከየመን ሲመለሱ የነበሩ ኢትዮጵያውያንን የጫነች ጀልባ ጎዶሪያ በተባለው የጅቡቲ ጠረፍ ሰጥማ ቢያንስ 38 ሰዎች አልቀዋል። ሕፃናትም ነበሩባቸው።

አንድ ልጅ በደላላ መንገድ ከወጣ በኋላ ለቤተሰቡ የሚደርስ የድምፅ መልእክትም አለ፤ ልጁ ታግቻለሁ ብሎ እያለቀሰ ገንዘብ እንዲላክ ይለምናል። እገታው እውነት የሆነበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ «ውሸት ነው» ብሎ መተው አይቻልም። ሆኖም ዛሬ ከጥቂት ሰከንድ ቅጂ የሰውን ድምፅ አስመስሎ የሚያወጣ ፕሮግራም አለ። በድምፁ ብቻ «እሱ ነው» ማለት አይበቃም። ፌስቡክ ላይ የማይገኝ ነገር ይጠየቅ፦ የሟች አያቱ የቤት ስም፣ በልጅነቱ የወደቀበት ቦታ። ተለይቶ ከመሄዱ በፊት ከቤተሰቡ ጋር አንድ የምስጢር ቃል ቢስማማ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። አብረውት ለወጡት ልጆች ቤተሰቦችም ይደወል። በዚሁ ሀገር ኦቦክ ውስጥ የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ለስደተኞች የሚሆን ማዕከል አለው፤ መመለስ የሚፈልግ ሰው እዚያ ሄዶ መጠየቅ ይችላል። ይህንንም ቲክቶክ ላይ የሚያስተዋውቅ ደላላ የለም።