ከዳንግላ ወደ ግሽ ዓባይ፤ ስለ ቤተሰብ የስእለት ጉዞ

በዳንግላና በአካባቢዋ የሚኖር ቤተሰብ ስእለት ሲኖርበት ከሚያስባቸው ቅዱሳት ቦታዎች አንዱ ግሽ ዓባይ ነው። ስፍራው በሰከላ ወረዳ፥ ከባሕር ጠለል በላይ 2700 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ደጋ፥ በግሽ ተራራ ሥር ይገኛል። ከዚያ የሚመነጨው ውሃ ግልገል ዓባይ ተብሎ ወደ ጣና ይወርዳል፤ ምእመናንም በኦሪት ዘፍጥረት የተጠቀሰው ግዮን ይኸው ነው ይላሉ። ከዳንግላ የሚነሣ መንገደኛ በእንጅባራ በኩል እስከ ቲሊሊ ይሄድና ከዚያ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ደጋውን ይወጣል።

ስእለቱ የአንድ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ልጅ ያጣች ሴት ወይም ልጇ የታመመባት እናት ትሳላለች። ጉዞው ግን የቤቱ ሁሉ ነው። እህል የቀመሰ ሰው ወደ ምንጩ አይቀርብምና ስንቁ፥ በሶውም ዳቦ ቆሎውም፥ ጸበሉ እስኪጠጣ ድረስ እንደ ተቋጠረ ይቆያል። እኔ እንደሚመስለኝ፥ ጉዞውን የቤተሰብ የሚያሰኘው ከመንገዱ ርቀት ይልቅ ይህ አብሮ መራብ ነው። ለሕመምተኛ ግን ሥርዓቱ ቀላል አይደለም። ሕሙማን ለጸበል ሲሉ መድኃኒታቸውን ይተዉ የነበረበት ጊዜ ስለ ነበረ፥ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረዋል።

የቦታው ጻድቅ አቡነ ዘርዐ ብሩክ ናቸው፤ በዓላቸውም ጥር 13 ቀን ይከበራል። ሲተረክ እንደ ኖረው፥ ጻድቁ ለእስር በተወሰዱ ጊዜ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ ሰጡት። ተፈትተው ሲመለሱ «ግሣ ዓባይ»፥ ማለትም «የዋጥኸውን አውጣ» ቢሉት፥ ወንዙ መጻሕፍቱን ውሃ ሳይነካቸው መለሰላቸው፤ ግሽ የሚለውም ስም ከዚህ ወጣ ይባላል። ስእለት የሚሳል ሰው ይህን ታሪክ የሚወድደው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የተሰጠውን አደራ የሚመልስ ውሃ ነውና።

የቦታው ክብር ከዚህ ትረካ ጋር ብቻ የተያያዘ አይደለም። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ምንጩ በደረሰ ጊዜ የአካባቢው አገዎች ለምንጩ ከብት ያርዱ እንደ ነበር፥ ጠባቂውም «የወንዙ አገልጋይ» ይባል እንደ ነበር ጽፏል፤ እርሱንም ጫማህን ሳታወልቅ አትቀርብም ብለውታል። ዛሬም ወደ ጸበል የሚቀርብ ሰው ጫማውን ያወልቃል። ሃይማኖቱ ሌላ ነው፤ ከውሃው ፊት በባዶ እግር መቆም ግን አልቀረም። (ከብሩስ በፊት ጴድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፥ ከእርሱም በኋላ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺስማን ምንጩን አይተዋል፤ የእነርሱ ጉዳይ ግን ምንጩን ማወቅና በካርታ ማስፈር ነበር።)

ተጓዦቹ ሲመለሱ ጸበሉን በጀሪካን ይዘው ይመጣሉ። ከብትና ቤት ሲጠብቅ ለቀረው፥ ቀጥሎም ለጎረቤት ይታደላል። ስእለቱ የደረሰለት ጃንጥላ ወይም መጋረጃ ይዞ ይመለሳል። ያልደረሰላትም እናት በሚመጣው ጥር ስንቋን እንደገና ትቋጥራለች።