ከ5 ሴንቲ ሜትር የሚሰነዘር ቡጢ

ክንድን ወደ ኋላ ሳይስቡ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ የራቀን ዒላማ አጥብቆ መምታት ቀላል አይደለም። ቡጢው ፍጥነት የሚያገኝበት ርቀት የለውማ! እ.ኤ.አ. በ2012 ለኅትመት የበቃ አንድ የለንደን ጥናት ይህንኑ ፈተና ለ24 ሰዎች ሰጥቶ ነበር። የኢምፔሪያል ኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች ከመረጧቸው ግማሾቹ በአማካይ ወደ 14 ዓመት የሠለጠኑ የካራቴ ጥቁር ቀበቶ ባለቤቶች ነበሩ። ግማሾቹ ደግሞ በዕድሜ የሚቀራረቧቸው፣ አዘውትረው ስፖርት የሚሠሩ፣ ማርሻል አርት ግን ሞክረው የማያውቁ ነበሩ።

ካራቴኞቹ በለጡ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። የሚደንቀው የበለጡበት ምክንያት ነው። የቡጢያቸውን ኃይል የወሰነው የጡንቻ ጥንካሬ ሳይሆን ትከሻና የእጅ አንጓ ከፍተኛ ፍጥነታቸው ላይ የሚደርሱበት ቅጽበት መገጣጠሙ ነበር። አንጎላቸው በኤምአርአይ ሲታይም እንቅስቃሴን በሚያስተባብረው ሴሬቤለምና እንቅስቃሴን በሚያዘው የአንጎል ክፍል ውስጥ ያለው ነጭ ኅብረ ሕዋስ አሠራሩ ከሌሎቹ ተለይቶ ተገኘ። ይህ ነጭ ክፍል የነርቭ ክሮች የሚያልፉበት ሲሆን፣ ክሮቹን የሸፈነው ማይሊን የተባለ ቅባት የኤሌክትሪክ ሽቦ እንደለበሰው ፕላስቲክ መልእክቱ ሳይባክን ፈጥኖ እንዲደርስ ያደርጋል። የታየው ልዩነት ሠልጣኙ ካራቴ ከጀመረበት ዕድሜና ከቡጢው ቅንጅት ጋር የተያያዘ ነበር።

ምናልባት ሲፈጠሩም አንጎላቸው እንዲህ የሆነ ሰዎች ይሆኑ ካራቴው ላይ የጸኑት? ተገቢ ጥያቄ ነው፤ አንድ ጊዜ የተነሣ ምስልም ብቻውን አይመልሰውም። እ.ኤ.አ. በ2004 ጀርመን ውስጥ የተሠራ ሌላ ጥናት ግን ፍንጭ ይሰጣል። ሦስት ኳስ እያፈራረቁ ወደ ላይ መወርወርና መቅለብ ለ3 ወር የተለማመዱ ሰዎች፣ እንቅስቃሴን በዓይን የሚከታተለው የአንጎላቸው ክፍል መጠኑ ጨምሮ ታየ። ልምምዱን አቁመው 3 ወር ሲያልፍ ጭማሪው ቀነሰ። አንጎል ይለወጣል፤ ሲተዉት ደግሞ ወደ ኋላ ይመለሳል።

ይህን ይዘን የእኛ ከተሞች ወጣቶች በብዛት ወደሚሠሩት ቴኳንዶ እንምጣ። ነጭ ቀበቶ የታጠቀ ጀማሪ አፕ ቻጊ የምትባለዋን የፊት ርግጫ ሲማር ጉልበቱን ቀድሞ ወደ ደረቱ ያነሣል፣ እግሩን ይዘረጋል፣ ጣቶቹን ወደ ኋላ ቀልብሶ ከጣቶቹ ሥር ባለው የውስጥ እግሩ ክፍል ይመታል፣ መሬት ከመርገጡ በፊት መልሶ ያጥፋል። መጀመሪያ እያንዳንዱን እያሰበ ነው የሚሠራው፤ ጉልበቱን ሲያስታውስ ጣቶቹን ይረሳል። ለሳምንታት ምንም የተሻሻለ አይመስለውም። በእኔ እምነት የሥልጠናው ትልቁ ፈተና ይህ ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም ለውጡ ዓይን በማያየው ቦታ እየተካሄደ ነው። ከልምምድ በኋላ የሚገኝ ጥሩ እንቅልፍ እንኳ የተለማመዱትን እንቅስቃሴ እንደሚያጠነክር በብዙ ሙከራ ታይቷል።

ጠባይስ? “ልጄ ሥነ ሥርዓት እንዲይዝልኝ” ብሎ ቴኳንዶ የሚያስመዘግብ ወላጅ ብዙ ነው። ተስፋው መሠረት አለው፤ ቅድመ ሁኔታም አለው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ለ3 ወር ያህል ቴኳንዶ የተማሩ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የተለመደውን የስፖርት ክፍለ ጊዜ ከተከታተሉት ይልቅ ራሳቸውን መግዛት ላይ መሻሻላቸውን አሳይቷል። ልጆቹ ራሳቸውን እንዲጠይቁ የተማሩት ሦስት ነገር ነበር፦ የት ነው ያለሁት? ምን እያደረግሁ ነው? ምን ማድረግ አለብኝ?

እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ አንድ የቀደመ ጥናት ደግሞ የበለጠ ያሳስባል። ጥፋት ውስጥ የገቡ ታዳጊዎች ለ6 ወር ሠለጠኑ። አክብሮትና ራስን መግዛት ከርግጫው ጋር የተማሩት ጠበኝነታቸው ቀነሰ። ድብድቡን ብቻ የተማሩት ግን ጠበኝነታቸው ባሰ። ሁለቱም የሠለጠኑት ማርሻል አርት ነው፤ የለያያቸው የተማሩበት መንገድ ነው።

ስለዚህ ወላጆች፣ የወር ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። ማስተሩ የተሳሳተውን ልጅ እንዴት እንደሚያርመው፣ ትልልቆቹ ትንንሾቹን እንዴት እንደሚይዟቸው እዩ። ያላማራችሁ ነገር ካለ ሌላ ቦታ ፈልጉ።