የፌዝ ቅጂ፦ «የቀለበቶቹ ጌታ» እና አላጋጮቹ

ተማሪዎች ሆይ፣ በየክፍላችሁ የሌላውን ሰው አነጋገርና አረማመድ እያስመሰለ ጓደኞቹን የሚያስቅ ተማሪ አይጠፋም። ይህ ተማሪ የአንድን የሠፈር ሽማግሌ አነጋገር አስመስሎ ሲያሳያችሁ የምትስቁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ስሙ ሳይጠራ ሽማግሌውን ወዲያው ስለምታውቁት ነው። ሁለተኛው፣ አስመሳዩ ከሽማግሌው ልማዶች አንዲቷን፣ ለምሳሌ ከመናገሩ በፊት ሦስት ጊዜ ጉሮሮውን መጥረጉን፣ መርጦ በጥቂቱ አግንኖ ስላቀረባት ነው። ልማዲቱ ከፊታችሁ ነበረች፤ እናንተ ግን እስከዚያች ቀን ድረስ ልብ አላላችኋትም ነበር። እንግዲህ አስመሳዩ ከሁላችሁም ይልቅ ሽማግሌውን በጥንቃቄ ተመልክቶታል ማለት ነው።

በሥነ ጽሑፍም ውስጥ ይህን የመሰለ የአጻጻፍ ስልት አለ። አንድ ጸሐፊ የሌላውን ደራሲ የታወቀ ሥራ ቅርፁን፣ የቋንቋ ለዛውንና የታሪክ አካሄዱን ተከትሎ፣ ነገር ግን አንባቢን ለማሳቅ ሲል ከፍ ያለውን ዝቅ፣ ትንሹንም ትልቅ አድርጎ ቢጽፍ፣ ሥራው ፓሮዲ ይባላል። በዚህ ምዕራፍ «የፌዝ ቅጂ» እያልን እንጠራዋለን። የፌዝ ቅጂ ምን እንደሆነና ከተራ ስድብ፣ እንዲሁም ከድርሰት ስርቆት በምን እንደሚለይ፣ አንድ የታወቀ ምሳሌ ወስደን እንመለከታለን።

ዋናው ሥራ

ጆን ሮናልድ ሩኤል ቶልኪን በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጥንታዊ እንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ መምህር ነበር። «የቀለበቶቹ ጌታ» የተባለውን ምናባዊ ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጾች አሳተመ። ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ሆቢት ከሚባሉት ቁመተ አጫጭርና ሰላም ወዳድ ፍጡራን ወገን የሆነ ፍሮዶ የተባለ ወጣት አንድ ቀለበት ይወርሳል። ቀለበቱ የያዘውን ሰው ልብ የሚያበላሽ የክፉ ኃይል መሣሪያ በመሆኑ፣ ፍሮዶ ከስምንት ባልንጀሮች ጋር ሆኖ ወደ ጠላቱ ወደ ሳውሮን ምድር በመጓዝ ቀለበቱን በተሠራበት እሳተ ገሞራ ውስጥ መጣል አለበት።

መጽሐፉ ከአንድ ሺህ ገጽ በላይ ነው። ቶልኪን ለምናብ ዓለሙ ካርታ ሥሏል፤ ቋንቋዎችን ፈጥሯል፤ የነገሥታት የትውልድ ሐረግ አዘጋጅቷል፤ በየመንገዱም ገጸ ባሕርያቱ ረጃጅም ግጥሞችን ያዜማሉ። እ.ኤ.አ. በ1965 በአሜሪካ ርካሽ በሆነ የወረቀት ሽፋን ከታተመ ወዲህ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ እጅግ ተወዳጅ ሆነ። አንድ ሥራ ብዙ ሰው ሲያነበው ብዙ ሰው ጠባዩን ያውቃል። የፌዝ ቅጂም የሚበቅለው እንዲህ ባለው ለም መሬት ላይ ነው።

የፌዝ ቅጂው

የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከ1876 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ላምፑን» የሚባል የቀልድ መጽሔት ያዘጋጃሉ። የዚሁ መጽሔት አባላት የነበሩት ሄንሪ ቤርድና ዳግላስ ኬኒ እ.ኤ.አ. በ1969 ሁለት መቶ ገጽ እንኳ የማይሞላ መጽሐፍ አሳተሙ። የቶልኪን መጽሐፍ ርዕስ በእንግሊዝኛ «ዘ ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ» ሲሆን፣ እነርሱ የራሳቸውን «ቦርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ» አሉት። «ሎ» ን በ«ቦ» በመተካት ብቻ «የቀለበቶቹ ጌታ» የነበረው «በቀለበቶቹ የተሰላቸ» ሆነ። ልብ በሉ፤ ርዕሱ ብቻውን የመጽሐፉን ሁሉ ዘዴ ይገልጻል። ድምፁ ከዋናው ጋር አንድ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል፤ ትርጉሙ ግን ከዙፋን ወደ ማዛጋት ወርዷል።

ጸሐፊዎቹ የተጠቀሙባቸውን ዘዴዎች በሦስት ከፍለን እንመልከታቸው።

አንደኛው ዘዴ ስም ማዋረድ ነው። ቶልኪን የቋንቋ ሊቅ እንደመሆኑ መጠን ለገጸ ባሕርያቱ የጥንት ግርማ ያላቸውን ስሞች ሰጥቷቸው ነበር። አላጋጮቹ ግን እነዚያን ስሞች ከሱቅ መደርደሪያ በተገኙ ስሞች ለወጧቸው። ፍሮዶ «ፍሪቶ» ተባለ፤ ይህም የበቆሎ ጥብስን የሚያስታውስ ስም ነው። ታማኙ ሳም «ስፓም» ሆነ፤ ይህም የቆርቆሮ ሥጋ ነው። ሁለቱ ወጣት ሆቢቶች «ሞክሲ» እና «ፔፕሲ» ተብለው በለስላሳ መጠጦች ስም ተጠሩ። ታላቁ አስማተኛ ጋንዳልፍ «ጉድገልፍ» ሲባል የቤንዚን ስም ወረሰ። የጠላት ምድር የሆነችው ሞርዶር ደግሞ «ፎርዶር» ተብላ ባለ አራት በር አውቶሞቢል መሰለች።

ሁለተኛው ዘዴ ከፍ ያለውን ከዝቅተኛው ጋር ማጋባት ነው። በቶልኪን መጽሐፍ የሮሐን ሰዎች ግርማቸው የሚያስፈራ ፈረሰኞች ናቸው፤ በፌዝ ቅጂው ግን በፈረስ ፈንታ በበግ ይጋልባሉ። በዋናው መጽሐፍ በዋሻ ውስጥ የሚያጋጥመው ባልሮግ የተባለ የእሳት ጭራቅ አንባቢን ያንቀጠቅጣል፤ በፌዝ ቅጂው ግን «ቦልሆግ» ይባላል። ይህም ኳስ ለጓደኛው የማያቀብል ስስታም ተጫዋች ማለት ነው።

ሦስተኛው ዘዴ የደራሲውን ልማድ ማጋለጥ ነው፤ ከሁሉም የሚጠልቀው ይኸው ነው። በቶልኪን ታሪክ ውስጥ ጀግኖቹ ከሞት አፋፍ ሲደርሱ ግዙፍ ንስሮች መጥተው ያድኗቸዋል። በፌዝ ቅጂው የሚመጣው ንስር ግን «ዴውስ ኤክስ ማኪና» የሚል የአየር መንገድ ስም ተጽፎበታል። ይህ የላቲን ሐረግ «ከማሽን የወጣ አምላክ» ማለት ሲሆን፣ በጥንቱ ተውኔት የታሪኩ ቋጠሮ አልፈታ ሲል በማንሻ መሣሪያ ከላይ የሚወርደውን አምላክ ያመለክታል። እንግዲህ ቀልዱ ተራ ቀልድ አይደለም። አንድ ሐያሲ በሦስት ገጽ «ይህ መፍትሔ በታሪኩ ውስጥ በበቂ ሁኔታ አልተዘጋጀም» ብሎ የሚጽፈውን ሂስ፣ አላጋጮቹ በንስር ክንፍ ላይ በሦስት ቃላት ጽፈውታል።

የቋንቋ ችግር

ከላይ ያሉትን ስሞች ስታነቡ ምናልባት ሳቃችሁ ዘግይቶ ይሆናል። ምክንያቱም እያንዳንዱ ስም ማብራሪያ አስፈልጎታል፤ የተብራራ ቀልድ ደግሞ ግማሹ ሞቷል። በቅኔ ትምህርት እንዳያችሁት፣ አንድ ኅብረ ቃል ሰሙንና ወርቁን በአንድ ድምፅ ይይዛል፤ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲተረጎም ግን ወይ ሰሙ ወይ ወርቁ ይቀራል። የፌዝ ቅጂም ዕጣ እንዲሁ ነው። ከዚህም በላይ ዘመን ይጎዳዋል፤ በ1969 አሜሪካዊ አንባቢ ሁሉ የሚያውቃቸው የሸቀጥ ስሞች አንዳንዶቹ ዛሬ በአገራቸውም የሚያስታውሳቸው ጥቂት ነው።

ስለዚህ ዘዴውን በራሳችን ቋንቋ ብንሞክረው ይሻላል። የሚከተለው አንቀጽ የጀግና ጉዞ ታሪኮችን ስልት በማስመሰል ለዚህ ትምህርት የተዘጋጀ ነው፦

«እነሆም ከሦስቱ ኮረብቶች ማዶ፣ የጥንት ሰዎች ጉሊት ብለው ወደ ሰየሟት ምድር ይወርድ ዘንድ የሚጠራው ድምፅ ተሰማ። ድምፁም የእናቱ ነበር። ‹ልጄ ሆይ፣ ተነሥ፤ ቀይ ሽንኩርት ሳትይዝ ወደዚህ ደጃፍ እንዳትመለስ› አለችው። እርሱም ከአያቱ ወደ አባቱ፣ ከአባቱም ወደ እርሱ የተላለፈውን ታላቁን ዘንቢል አነሣ። ዘንቢሉ ቀዳዳ ነበር።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ «እነሆም»፣ «ይወርድ ዘንድ» እና «ልጄ ሆይ» የሚሉት አነጋገሮች ከከፍተኛው የቋንቋ ደረጃ የተወሰዱ ናቸው። ጉዳዩ ግን ሽንኩርት ነው። የመጨረሻውንም ዓረፍተ ነገር ተመልከቱ። ከእርሱ በፊት ያለው ዓረፍተ ነገር ረጅምና ባለ ግርማ ሲሆን፣ እርሱ ሦስት ቃላት ብቻ አሉት። ሳቁ የሚመጣው ከቃላቱ ሳይሆን ከርዝመቱ ድንገተኛ መውደቅ ነው። በመሆኑም የፌዝ ቅጂ ለሚጽፍ ሰው የሰዋስው ዕውቀት ቅንጦት አይደለም፤ የቋንቋን ደረጃዎች ለይቶ ያላወቀ ሰው አንዱን በሌላው ላይ ሊጭን አይችልም።

ፌዝ፣ ስርቆትና ስድብ

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። የሌላውን ሰው ታሪክ፣ ገጸ ባሕርያትና አካሄድ ወስዶ መጽሐፍ መሸጥ ስርቆት አይደለምን? ጥያቄው በፍርድ ቤቶችም ቀርቧል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1994 በአንድ የዘፈን ክርክር ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ የፌዝ ቅጂ የሚተቸውን ሥራ ለማስታወስ ሲል ከዚያው ሥራ መውሰዱ የግድ መሆኑን ገልጿል፤ ለገበያ መቅረቡም ብቻውን ሕገ ወጥ እንደማያደርገው ወስኗል።

በአንጻሩ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 የሩሲያው ደራሲ ዲሚትሪ ዬሜትስ «ታንያ ግሮተር» የተባለች፣ ወላጆቿ የሞቱባትና በአስማት ትምህርት ቤት የምትማር ልጅ ታሪክ አሳተመ። ጄ. ኬ. ሮውሊንግ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሳተመችውን የሃሪ ፖተርን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ምንጩን ወዲያው ይለያል። መጽሐፉ ወደ ሆላንድኛ ተተርጉሞ ሊወጣ ሲል ሮውሊንግ ከሰሰች፤ አሳታሚው ሥራው የፌዝ ቅጂ ነው ብሎ ተከራከረ። የአምስተርዳም ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2003 ክርክሩን ሳይቀበል ኅትመቱን አገደ።

ከሁለቱ ጉዳዮች የምንማረው ይህን ነው፦ የፌዝ ቅጂ የዋናውን ሥራ ልብስ የሚለብሰው ስለዚያው ልብስ አንድ ነገር ለመናገር ነው። ሌባ ግን ልብሱን የሚወስደው ሊሞቀው ነው። እናንተም አንድን ሥራ አስመስላችሁ ስትጽፉ «በዚህ መመሳሰል ስለ ዋናው ሥራ ምን እያልሁ ነው?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ፣ የያዛችሁት ፌዝ ሳይሆን ብድር ነው።

ስድብም ከዚህ ሊለይ ይገባል። የፌዝ ቅጂ የሚመታው የአጻጻፍን ልማድ እንጂ የደራሲውን አካል፣ ወገን ወይም ዘር አይደለም። ቤርድና ኬኒም በዚህ ረገድ ከነቀፌታ አያመልጡም፤ በመጽሐፋቸው ውስጥ የቶልኪንን አጻጻፍ የማይነኩ፣ ለነውርነታቸው ብቻ የገቡ ብዙ ቀልዶች አሉ። ልትከተሏቸው የሚገባው የንስሩን ክንፍ በጻፉበት ቦታ እንጂ በነዚህ አይደለም።

ፌዝ የማይደርስበት

በመጨረሻ፣ ፌዝ የወደድነውን መጽሐፍ ያጠፋብናልን? የሆነው ነገር ተቃራኒውን ያሳያል። የፌዝ ቅጂው ከወጣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲሆነው የቶልኪን መጽሐፍ አሁንም በመላው ዓለም ይነበባል። የሚስቅበትም አንባቢ የሚስቀው ዋናውን ስላነበበ ነው። ሴርቫንቴስ እ.ኤ.አ. በ1605 እና በ1615 ባሳተመው «ዶን ኪሆቴ» ያላገጠባቸው የባላባት ጀብዱ ታሪኮች ብዙዎቹ ሲረሱ የእርሱ መጽሐፍ ግን ኖሯል፤ ምክንያቱም ሴርቫንቴስ በሚያላግጥበት ሽማግሌ ውስጥ የሚያሳዝንና የሚከበር ሰው ፈጥሯል። ይህ ግን ብዙ ጊዜ የማይገኝ ዕድል ነው።

ፌዝ ለአንባቢ የሚሰጠው ሌላም ጥቅም አለ። ካርታው፣ ረጃጅም ግጥሞቹ፣ ንስሮቹ ሁሉ ሲሳቅባቸው የቀረውን ተመልከቱ። በቶልኪን ታሪክ ፍጻሜ ፍሮዶ ያን ሁሉ መንገድ ከተጓዘ በኋላ ቀለበቱን ለመጣል ያቅተዋል፤ «የእኔ ነው» ይላል። ዓለም የሚድነው በጀግናው ብርታት ሳይሆን፣ አስቀድሞ ሊገደል ሲቻል በርኅራኄ የተተወ ጎለም የተባለ ጎስቋላ ፍጡር ቀለበቱን ነጥቆ ከነቀለበቱ እሳቱ ውስጥ በመውደቁ ነው። ይህን ስፍራ በበግ ማስጋለብና በቆርቆሮ ሥጋ ስም ማዋረድ ይቻላል፤ ሐሳቡ ግን ከሳቁ በኋላ እንደ ቆመ ይቀራል። እንግዲህ ወንፊት ገለባውን አበጥሮ እህሉን እንደሚያስቀር፣ መልካም ፌዝም በአንድ ድርሰት ውስጥ ልማድ የነበረውንና እውነት የነበረውን ይለይልናል።

መልመጃ

1. የፌዝ ቅጂ ከድርሰት ስርቆት የሚለየው በምንድን ነው? ከላይ ከተጠቀሱት ሁለት የፍርድ ቤት ጉዳዮች አንዱን በመጥቀስ በአንድ አንቀጽ አስረዱ።
2. «ዘንቢሉ ቀዳዳ ነበር» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከፊቱ ካለው ጋር አያይዛችሁ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር አድርጉት። ሳቁ ምን ሆነ? ለምን?
3. አጥብቃችሁ የምትወዱትን አንድ መጽሐፍ ምረጡ። የደራሲውን ሦስት የአጻጻፍ ልማዶች ከመዘገባችሁ በኋላ፣ በእነርሱ ላይ ብቻ ተመሥርታችሁ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት መስመር የሚሆን የፌዝ ቅጂ ጻፉ። የማትወዱትን መጽሐፍ አትምረጡ፤ በቅርብ ያላያችሁትን ነገር አስመስላችሁ ልታሳዩ አትችሉምና።