ሌንስም እንደ ምስክር ይመረመራል

ከጥቂት ዓመታት በፊት ታላቅ ወንድሜ ልጁን ዳረ። ሠርጉ ደምቆ አለፈ። ፎቶዎቹ ታትመው ሲመጡ ግን ቤተሰቡ ቅር ተሰኘ። ሙሽሮቹ ብቻቸውን የተነሷቸው ፎቶዎች ጥርት ያሉ ናቸው። ቤተ ዘመዱ ተሰልፎ በተነሳባቸው ላይ ግን በቀኝ ጫፍ የቆሙት ሰዎች ፊታቸው ደብዝዟል። ከእነርሱ አንዱ ወንድሜ ነበር። ከሰባት ወር በኋላ አረፈ።

ያን ጊዜ ቅሬታው ወደ ክስ አደገ። «አንተ ሕግ ተምረሃል፤ ለፎቶ አንሺው ማስጠንቀቂያ ጻፍለት» ተባልኩ። የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ ብዕር ማንሳት ከተማርኩት ጋር ስለማይስማማ ወጣቱን አስጠራሁት። ካሜራውን በብድር የገዛ፣ በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ጥፋቱ የእጄ ከሆነ እከፍላለሁ። ፎከሱን ግን በትክክል መያዜን እርግጠኛ ነኝ» አለኝ።

እንግዲህ ለመፍረድ ሌንስ በምን እንደሚመዘን መማር ነበረብኝ። የተማርኩትን ዛሬ ለአንባቢ ላካፍል። ለልጁም ሆነ ለመሥሪያ ቤቱ ካሜራ የሚገዛ ሁሉ ይጠቅመዋልና።

ጥራት ስንል ምን ማለታችን ነው?

«ይህ ሌንስ ጥሩ ነው» ማለት ብቻውን ብዙም አይነግረንም። ጥራት የብዙ ነገሮች ድምር ነው። የመጀመሪያው ጥርት አድርጎ ማሳየት ሲሆን፣ ይህም ሁለት ገጽ አለው። አንደኛው እንደ ፀጉርና የጥልፍ ክር ያሉ ደቃቅ ነገሮችን መለየት ነው። ሁለተኛው በጥቁሩና በነጩ መካከል ያለውን ልዩነት ሳያደክሙ ማስተላለፍ ነው። መሐሉ ላይ የበረታ ሌንስ ጠርዙ ላይ ሊደክም ይችላል። ከዚህ ሌላ ቀጥ ያለውን የበር መቃን የሚያጎብጥ አለ፤ አራቱን ማዕዘን የሚያጨልም አለ፤ ከብሩህ ሰማይ ሥር ያለን የዛፍ ቅርንጫፍ ዳር ዳሩን ሐምራዊ የሚቀባ አለ፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣበት ምስሉን ሁሉ የሚያነጣ አለ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ጉድለቶቹ እኩል አለመሆናቸው ነው። የጎበጠን መስመርና የጨለመን ማዕዘን፣ አብዛኛውን ጊዜም የሐምራዊውን ቅብ በኮምፒዩተር ማረም ይቻላል። ሌንሱ ያላሳለፈውን ዝርዝር ግን እንደነበረ የሚመልስ የለም። ዛሬ ዝርዝር የሚጨምሩ ፕሮግራሞች መጥተዋል፤ የሚሞሉት ግን በግምት ነው። የወንድሜን ፊት ሳይሆን ወንድሜን የሚመስል ፊት ይሠራሉ። በእኛ አነጋገር የፊተኞቹ ጉድለቶች ይግባኝ አላቸው፤ የመጨረሻው የለውም።

ንጽጽሩ ፍትሐዊ ይሁን

ሁለት ሌንሶችን ማወዳደር ሁለት ምስክሮችን እንደ መስማት ነው፤ ለሁለቱም የሚቀርበው ጥያቄ አንድ መሆን አለበት። ካሜራው፣ ብርሃኑና የሚነሳው ነገር አይለወጡ። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ይቁም፤ አለበለዚያ የእጅ መንቀጥቀጥ የሌንስ ጥፋት ይመስላል። በጣት ከመጫን ይልቅ የሁለት ሰከንድ ማዘግያውን መጠቀም ይሻላል። ፎከሱን በየጊዜው እንደገና እየያዙ ሦስት አራት ፎቶ አንስቶ የተሻለውን መውሰድም ያስፈልጋል።

ፎቶ አንሺዎች አፐርቸር የሚሉት የብርሃን መግቢያ ቀዳዳ በኤፍ ቁጥር ይለካል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። አብዛኛው ሌንስ ቀዳዳው ወለል ብሎ ሲከፈት ይደክማል፤ ኤፍ 5.6 እና ኤፍ 8 አካባቢ ይበረታል፤ ኤፍ 16 እና ኤፍ 22 ሲደርስ ብርሃኑ በጠባቡ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበታተን መልሶ ይለሰልሳል። ስለዚህ የአንዱን ኤፍ 1.8 ከሌላው ኤፍ 8 ጋር አወዳድሮ መፍረድ ግፍ ነው። በኤፍ 8 ርካሹንና ውዱን በዓይን መለየት ሊያስቸግር ይችላል። ልዩነቱ የሚወጣው በምሽት አዳራሽ፣ ቀዳዳው ሲከፈት ነው።

ፋብሪካዎች ኤም ቲ ኤፍ የሚባል ግራፍ ያወጣሉ። ሌንሱ በአንድ ሚሊ ሜትር ውስጥ የተሰመሩ፣ በተለምዶ 10 እና 30 ጥንድ መስመሮችን ከመሐል እስከ ጠርዝ እንዴት እንደሚያስተላልፍ ያሳያል። ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም ብዙዎቹ ግራፎች ከንድፉ በስሌት የተገኙ እንጂ ከተመረተው ሌንስ የተለኩ አይደሉም። በአሜሪካ ሌንስሬንታልስ የተባለውን አከራይ ድርጅት የመሠረተው ሮጀር ሲካላ የአንድ ሞዴል በርካታ ሌንሶችን በመሣሪያ እየለካ እርስ በርስ እንደሚለያዩ በተደጋጋሚ አሳይቷል። በሞዴሉ ዝና ብቻ በእጅ ያለውን ሌንስ ነፃ ማውጣት «ከጥሩ ቤተሰብ የተወለደ አይሰርቅም» እንደ ማለት ነው።

የወጣቱ ሌንስ ችሎት

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከወጣቱ ጋር ያልተለሰነ የብሎኬት አጥር ፊት ካሜራውን አቆምን። በኤፍ 2.8 ሲያነሳ የአጥሩ መሐልና ግራ ጥርት አለ፤ ቀኙ ደበዘዘ። «ካሜራው ወደ አንድ ጎን ዞሮ ቆሞ ይሆናል» ብዬ ተከራከርኩ። ወጣቱ ካሜራውን ገልብጦ አቆመውና ደግሞ አነሳ። ጥፋቱ የአቋቋማችን ቢሆን ኖሮ የሚደበዝዘው ያው የአጥሩ ቀኝ ጎን በሆነ ነበር። አሁን ግን የደበዘዘው ግራው ነው፤ ድብዘዛው ከካሜራው ጋር አብሮ ዞሯል። በዚያው ካሜራ ላይ ሌላ ሌንስ ሲገጠም ሁለቱም ጎን ጠራ። ካሜራው ነፃ ወጣ። በሌንሱ ውስጥ ካሉት መስተዋቶች አንዱ ከቦታው ዘንበል ብሏል ማለት ነው። ሙሽሮቹ ሁልጊዜ መሐል ስለሚቆሙ ማንም አላስተዋለም።

ቀጥሎ በኤፍ 8 አነሳ። የደበዘዘው ጎን በአብዛኛው ጠራ። ሁለታችንም ዝም አልን። የቤተሰቡ ፎቶ የተነሳው በጠራራ ፀሐይ ነበርና ኤፍ 8 በቂ ነበር።

ሌንሱን ያገለገለ አድርጎ የገዛው ከሠርጉ ስምንት ወር በፊት ሲሆን፣ ያኔ ያየው መስተዋቱ አለመጫሩን ብቻ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭን ለዕቃው ጉድለት ኃላፊ ሲያደርግ፣ ገዢም ዕቃውን እንደተመቸው ወዲያው እንዲመረምርና ጉድለቱን ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ወጣቱ አልመረመረም፤ አላስታወቀምም።

ስለዚህ ያገለገለ ሌንስ የምትገዙ ሁሉ ከመክፈላችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ጠይቁ። በሞባይል መብራት ውስጡን እዩ። ጥቂት አቧራ ምስል አይጎዳም፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታና ጉም የመሰለ ሽፋን ግን ይጎዳል። ከዚያም ቀዳዳውን ከፍታችሁ ግድግዳ አንሱ፤ አራቱን ማዕዘን አጉልታችሁ አስተያዩ። በመጨረሻም ለምትሠሩት ሥራ ፍረዱ። ለአንድ ሰው ፊት የሚበቃው ሌንስ ለሃያ ዘመድ ሰልፍ ላይበቃ ይችላል።

ማስጠንቀቂያውን አልጻፍኩም። ለቤተሰቡ የነገርኩት ይህን ነው፦ ፊቱን ያደበዘዘው ሌንሱ ነው፤ ነገር ግን መሣሪያውን ሳያውቅ ለሰው ሠርግ የወጣ ባለሙያም ሙሉ በሙሉ ነፃ አይወጣም። ወጣቱ አልተከራከረም፤ የክፍያውን ግማሽ መለሰ። ሳይጠየቅም ያላተማቸውን ፎቶዎች ሁሉ አገላብጦ አንድ ይዞ መጣ። ሰልፉ ከመያዙ በፊት ወንድሜ መሐል ላይ ጎንበስ ብሎ የልጁን ቬሎ ሲያስተካክል ነው። የጣቶቹ መጨማደድ ሳይቀር ይታያል። የተነሳው በዚያው ሌንስ ነው።