ሁሉን የሚያሳይ ካሜራ ሁሉን አይለይም፦ የፊሽአይ ካሜራ ምርጫ ለሕንፃ ውስጥና ለውጭ ጥበቃ

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕዝብን ሀብት ከስርቆትና ከብክነት ለመጠበቅ፣ የተገልጋዩንና የሠራተኛውን ደህንነት ለማረጋገጥ ሲሉ በቅጥር ግቢያቸውና በሕንፃዎቻቸው ውስጥ የደህንነት ካሜራዎችን ይተክላሉ። ለዚህ ተግባር ከሚቀርቡት የካሜራ ዓይነቶች አንዱ ፊሽአይ ወይም የዓሣ ዓይን በመባል የሚታወቀው ነው። ይህ ካሜራ በአንድ ሌንስ ብቻ የአንድን አዳራሽ አራቱንም ማዕዘናት በአንድ ጊዜ ማሳየት መቻሉ በግዥ ኮሚቴዎች ዘንድ ተመራጭ ሊያደርገው ይችላል። ሦስትና አራት ካሜራ የሚጠይቀውን ቦታ አንድ ካሜራ ከሸፈነው የኬብል፣ የተከላና የጥገና ወጪ ይቀንሳል የሚለው ስሌትም አሳማኝ ነው።

ይሁን እንጂ ስሌቱ የተሟላ የሚሆነው ካሜራው የሚሸፍነው ስፋት ብቻ ሳይሆን በዚያ ስፋት ውስጥ ምን ያህል አጥርቶ እንደሚያሳይ ጭምር ሲታወቅ ነው። ለምሳሌ ያህል ከአንድ መሥሪያ ቤት የአገልግሎት አዳራሽ ላፕቶፕ ጠፋ እንበል። የተቀዳው ምስል ተከፍቶ ሲታይ አንድ ሰው ዕቃውን አንስቶ ሲወጣ ይታያል፤ የሰውየው ፊት ግን ከጥቂት የደበዘዙ ነጥቦች አያልፍም። በዚህ ጊዜ ጉዳቱ በጠፋው ንብረት ብቻ አይወሰንም። በቁመቱ ወይም በለበሰው ጃኬት ይመሳሰላል የተባለ የጥበቃ ወይም የጽዳት ሠራተኛ ያለ በቂ ማስረጃ ለጥርጣሬ ሊጋለጥ ይችላል። ስለሆነም የካሜራ ምርጫ ለቴክኒክ ባለሙያዎች ብቻ የሚተው ጉዳይ ሳይሆን የሥራ ኃላፊዎችም ሊያጤኑት የሚገባ ነው።

ስያሜውና አሠራሩ

የዓሣ ዓይን የሚለውን ስያሜ ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ውድ እ.ኤ.አ. በ1906 ባሳተመው ጽሑፍ ነው። ከውኃ ውስጥ ሆኖ ወደ ላይ የሚመለከት ዓሣ፣ ብርሃን ከአየር ወደ ውኃ ሲገባ አቅጣጫውን ስለሚቀይር፣ ከውኃው በላይ ያለውን ዓለም በሙሉ 97 ዲግሪ ገደማ ስፋት ባለው ክብ መስኮት ውስጥ ተጨምቆ ያየዋል። እ.ኤ.አ. በ1924 ደግሞ እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሮቢን ሂል ሙሉውን ሰማይ በአንድ ፎቶግራፍ ለማንሳት የሚያስችል ሌንስ ለሳይንሱ ማኅበረሰብ አስተዋውቋል። የሌንሱ ዓላማ የደመናን አቀማመጥ ማጥናት ነበር።

በዛሬው የደህንነት ካሜራ ውስጥ ያለውም መሠረተ ሐሳብ ተመሳሳይ ነው። ካሜራው ኮርኒስ ላይ ቁልቁል ሲተከል ዙሪያውን 360 ዲግሪ ያያል፤ ግድግዳ ላይ ሲተከል ደግሞ ከፊት ለፊቱ ያለውን 180 ዲግሪ ይሸፍናል። የሚገኘው ምስል ክብ ሲሆን፣ ቀጥ ያሉት ግድግዳዎችና መደርደሪያዎች ጎብጠው ይታያሉ። ይህን የተጣመመ ምስል ለዓይን የሚያቃናው ሶፍትዌር ነው። ሶፍትዌሩ ግን ምስሉን ያቃናል እንጂ ካሜራው ያልያዘውን ዝርዝር ከየትም ሊያመጣ አይችልም።

ወሳኙ መለኪያ

በካሜራ ማስታወቂያዎች ላይ ጎልቶ የሚጻፈው የሜጋፒክስል ብዛት ነው። ለተጠቃሚው የሚበጀው መለኪያ ግን እነዚያ ፒክስሎች በምን ያህል ስፋት ላይ እንደሚከፋፈሉ የሚያሳየው ነው። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው 62676-4 የተሰኘ መስፈርት ላይ በአንድ ሜትር ስፋት ሊኖር የሚገባውን የፒክስል ብዛት በደረጃ አስቀምጧል። በዚህም መሠረት ሰው መኖሩን ለማወቅ 25፣ የሚፈጸመውን ድርጊት ለመከታተል 62 ገደማ፣ አስቀድሞ የሚታወቅን ሰው ለይቶ ለማወቅ 125፣ የማይታወቅን ሰው ማንነት ያለ ጥርጥር ለመለየት ደግሞ 250 ፒክስል በሜትር ያስፈልጋል።

ይህን መለኪያ ይዞ አንድ ባለ 12 ሜጋፒክስል ፊሽአይ ካሜራን መመዘን ይቻላል። ከምስሉ ጥቅም ላይ የሚውለው ክብ ስፋቱ 3 ሺህ ፒክስል ያህል ነው ቢባል፣ የክቡ ዙሪያ 9 ሺህ 400 ፒክስል ገደማ ይሆናል። ከካሜራው 5 ሜትር ርቀት ላይ ያለው ዙሪያ 31 ሜትር ያህል በመሆኑ ለእያንዳንዱ ሜትር የሚደርሰው ቢበዛ 300 ፒክስል ነው። ርቀቱ 10 ሜትር ሲሆን ወደ 150፣ 20 ሜትር ሲሆን ወደ 75 ይወርዳል። እነዚህ አኃዞች በወረቀት ላይ የሚገኙ ከፍተኛ መጠኖች ናቸው። በተግባር የሰው ፊት ከምስሉ ጠርዝ ወደ ውስጥ ስለሚያርፍና የሌንስ ጥራት ወደ ጠርዝ ሲጠጉ ስለሚቀንስ ውጤቱ ከዚህ ያንሳል።

ከዚህ መረዳት የሚቻለው ባለ 12 ሜጋፒክስሉ ካሜራ የማይታወቅን ሰው ለመለየት የሚያስተማምነው እስከ 5 ሜትር ባለው ርቀት ብቻ መሆኑን ነው። ባለ 5 ሜጋፒክስል ከሆነ የክቡ ስፋት 1 ሺህ 900 ፒክስል አካባቢ ስለሚሆን በዚያው 5 ሜትር ርቀት 200 እንኳ አይሞላም። በአንጻሩ አንድ ተራ ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ 1 ሺህ 920 ፒክስሉን በሙሉ 3 ሜትር ስፋት ባለው በር ላይ ቢያሳርፍ በሜትር 640 ፒክስል ይሰጣል። በዋጋው ዝቅ ያለው ካሜራ በሩ ላይ የገባውንና የወጣውን ሰው ፊት ከትልቁ ካሜራ አብልጦ ያሳያል ማለት ነው።

ሁለቱ ካሜራዎች የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ነው። ፊሽአይ ካሜራ በአዳራሹ ውስጥ ምን እንደተከሰተ፣ ማን ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሄደ ያለ ክፍተት ያሳያል። ሰውየው ማን እንደሆነ የሚመልሰው ግን በመግቢያና መውጫ ላይ የተተከለው ተራ ካሜራ ነው። ሁለቱ ተደጋግፈው ሲሠሩ ማስረጃው የተሟላ ይሆናል።

ለሕንፃ ውስጥ ጥበቃ

ፊሽአይ ካሜራ ይበልጥ የሚስማማው ክፍት ለሆኑና ኮርኒሳቸው ከፍ ላላለ ክፍሎች ነው። የተገልጋይ መስተንግዶ አዳራሾች፣ የስብሰባ ክፍሎች፣ የገንዘብ መክፈያ አካባቢዎችና የአሳንሰር መጠበቂያዎች ለዚህ ተጠቃሽ ናቸው። እንደ መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ያሉ፣ ብዙ ተገልጋይና ብዙ መስኮት በአንድ ጣሪያ ሥር የሚገናኙባቸው አዳራሾችም አጠቃላይ እንቅስቃሴን ለመከታተል ከዚህ ዓይነቱ ካሜራ ሊጠቀሙ ይችላሉ። የተከላው ከፍታ ከ2 ሜትር ተኩል እስከ 4 ሜትር ቢሆን ይመረጣል።

ከፍታው በጨመረ ቁጥር ግን የሚታየው የሰው አናት እንጂ ፊት አይሆንም። በ8 ሜትር ከፍታ ላይ በመጋዘን ጣሪያ የተተከለ ካሜራ ቆብ ያደረገን ሰው ለመለየት የሚሰጠው ጥቅም አነስተኛ ነው። ረዣዥም መደርደሪያዎች ባሉበት ንብረት ክፍል ደግሞ ካሜራው በመተላለፊያዎች መገናኛ ላይ ካልተተከለ በስተቀር መደርደሪያዎቹ እይታውን ይጋርዳሉ። ረጅምና ጠባብ ለሆነ ኮሪደርም ተራ ካሜራን በቁመቱ አዙሮ መትከል የተሻለ ነው፤ ፊሽአይ ካሜራ አብዛኛውን ፒክስል ግራና ቀኝ ባሉት ባዶ ግድግዳዎች ላይ ያባክናል።

ለውጭ ጥበቃ

የውጭ አካባቢ ጥበቃ ሌሎች መስፈርቶችን ይጠይቃል። የመጀመሪያው ከአቧራና ከውኃ መከላከል ነው። አይፒ 66 የሚል ምልክት ያለው ካሜራ አቧራ ፈጽሞ የማያስገባና በኃይል የሚረጭ ውኃን የሚቋቋም ነው። አይፒ 67 ደግሞ እስከ 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢቆይ የማይጎዳ መሆኑን ያመለክታል። የሰው እጅ በሚደርስበት ቦታ የሚተከል ከሆነ አይኬ 10 የሚለው ደረጃ ይፈለጋል። ይኸውም 5 ኪሎ ግራም የሚመዝን ነገር ከ40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ወድቆ የሚፈጥረውን ምት መቋቋም ማለት ነው። እንደ አፋር ባሉ ሞቃታማ ቆላማ አካባቢዎች ላሉ መሥሪያ ቤቶች የካሜራው የሙቀት መቋቋም መጠንም በቅድሚያ ሊረጋገጥ ይገባል።

ሁለተኛው የብርሃን ጉዳይ ነው። ግድግዳ ላይ የተተከለ ፊሽአይ ካሜራ ሰማዩንም መሬቱንም በአንድ ጊዜ ስለሚያይ በጠዋትና በማታ ፀሐይ ምክንያት ጥላ ውስጥ ያለው ሰው ሊጨልም ይችላል። በመሆኑም ብሩህና ጨለማ ቦታዎችን አመጣጥኖ የማሳየት አቅም ያለው ካሜራ መምረጥ፣ ከተቻለም በጣሪያ ክፈፍ ሥር ቁልቁል መትከል ያስፈልጋል። በክረምት ወራት በካሜራው መስታወት ላይ የሚያርፍ አንድ የዝናብ ጠብታ፣ በበጋ የሚቀመጥ አቧራ ሰፊውን የምስል ክፍል ስለሚያበላሽ ቋሚ የጽዳት መርሐ ግብር ሊኖር ይገባል።

ሦስተኛው የሌሊት እይታ ነው። የካሜራው ኢንፍራሬድ ብርሃን በሁሉም አቅጣጫ ስለሚበተን የብርሃኑ ርቀት በአንድ አቅጣጫ ከሚያበራ ተራ ካሜራ ያጠረ ይሆናል። ሰፊ የመኪና ማቆሚያንና ረጅም አጥርን በሌሊት በፊሽአይ ካሜራ ብቻ ለመጠበቅ ማሰብ አያዋጣም። በእነዚህ ቦታዎች ተራ ካሜራዎችን ከግቢ መብራት ጋር ማቀናጀት፣ ወይም በአንድ አካል ውስጥ አራት የተለያዩ ሌንሶችን የያዘ ባለ ብዙ ሌንስ ካሜራን ማወዳደር ይገባል። ባለ ብዙ ሌንስ ካሜራ ዋጋው ከፍ ቢልም እያንዳንዱ ሌንስ የራሱ የምስል መቀበያ ስላለው በርቀት የተሻለ ዝርዝር ይሰጣል።

መቅጃውና የመረጃ መረቡ

ካሜራው ብቻውን ተገዝቶ ሥራው አይጠናቀቅም። በሰከንድ 8 ሜጋቢት የሚልክ አንድ ካሜራ በቀን 86 ጊጋባይት፣ በ30 ቀን 2 ነጥብ 6 ቴራባይት ያህል የማከማቻ ቦታ ይጠይቃል። መቅጃው መሣሪያም ክብ የሆነውን ምስል ማቃናት መቻል አለበት። የተለያዩ አምራቾች ካሜራና መቅጃ እርስ በርስ መገናኘታቸው ብቻ ምስሉ በትክክል ለመቃናቱ ዋስትና አይሆንም። ከሁሉም በላይ ሊቀዳ የሚገባው ያልተቃናው ሙሉ ክብ ምስል ነው። የተመረጠ ማዕዘን ብቻ ተቃንቶ ከተቀዳ፣ ድርጊቱ ከተፈጸመ በኋላ ወደ ሌላው አቅጣጫ ዞሮ የማየት ዕድል አይኖርም፤ የካሜራው ትልቁ ጥቅምም በዚሁ ይቀራል።

የካሜራ የኔትወርክ ኬብል ርዝመት በመደበኛው አሠራር ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም። ለውጭ ካሜራዎች ከመብረቅና ከኤሌክትሪክ ኃይል መዋዠቅ የሚከላከል መሣሪያ፣ መብራት በሚጠፋበት ጊዜም መቅጃውን የሚያቆይ የባትሪ መጠባበቂያ አስፈላጊ ናቸው። የይለፍ ቃል ጉዳይም ሊዘነጋ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው አደገኛ ሶፍትዌር በዓለም ዙሪያ ብዛት ያላቸውን ካሜራዎችና መቅጃዎች የተቆጣጠረው ከፋብሪካ ሲወጡ የተሰጣቸው የይለፍ ቃል ባለመቀየሩ ነበር።

ሕጋዊ ኃላፊነት

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን የመከበር መብት ደንግጓል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎች መረጃ ለታወቀ ዓላማ፣ በሚያስፈልገው መጠንና ለሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ እንዲያዝ ይጠይቃል። ፊሽአይ ካሜራ ሁሉንም አቅጣጫ በአንድነት ስለሚቀዳ የመጸዳጃ ቤት መግቢያን፣ የሠራተኛ የኮምፒውተር ስክሪንንና በተገልጋይ እጅ ያለን ሰነድ ሳይፈለግ ሊያካትት ይችላል። በዚህም ምክንያት የተመረጡ ቦታዎችን በምስሉ ላይ ለመሸፈን የሚያስችል አገልግሎት ያለው ካሜራ መምረጥ፣ ካሜራ መኖሩን በማስታወቂያ ማሳወቅ፣ ምስሉን ማን ማየት እንደሚችልና ለስንት ቀናት እንደሚቀመጥ በጽሑፍ መወሰን ያሻል።

ከርክክብ በፊት

የግዥ ፈጻሚዎች የቴክኒክ ዝርዝር መግለጫ ሲያዘጋጁ የንግድ ምልክትን ወይም የሜጋፒክስልን ቁጥር ብቻ ከመጻፍ ይልቅ ሊገኝ የሚገባውን ውጤት ቢያስቀምጡ ክርክርን ይቀንሳሉ። “በዋናው በር የሚገባ ሰው ፊት በሜትር 250 ፒክስል፣ በአዳራሹ ማንኛውም ቦታ ያለ ሰው እንቅስቃሴ 62 ፒክስል” የሚል ዓረፍተ ነገር ለአቅራቢውም ለተረካቢውም ግልጽ ነው።

የርክክብ ኮሚቴውም ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ቀላል ሙከራ ማድረግ ይችላል። አንድ ሠራተኛ ከካሜራው 3፣ 5 እና 10 ሜትር ርቀት ላይ በቀንና በሌሊት እንዲቆም ይደረጋል፤ ቀጥሎም በስክሪን ላይ የሚታየው የቀጥታ ምስል ሳይሆን የተቀዳው ተከፍቶ ይታያል። ሠራተኛውን የማያውቅ ሰው ከፎቶግራፉ ጋር አስተያይቶ በእያንዳንዱ ርቀት ሊለየው መቻል አለመቻሉም በቃለ ጉባኤ ይመዘገባል። ይህ ከግማሽ ቀን በላይ የማይወስድ ሥራ ካሜራው የት ድረስ ማስረጃ እንደሚሆን፣ ከየት ጀምሮ ደግሞ ማንንም ለመጠየቅ እንደማያበቃ አስቀድሞ ያሳውቃል። የሕዝብ ንብረትን ከስርቆት፣ ንጹሕ ሠራተኛንም ከአላግባብ ጥርጣሬ መጠበቅ የሚቻለው ይህ ወሰን በግልጽ ሲታወቅ ነው።