የ18 ዓመት ምርጫና የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ

የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነትን፣ ማለትም የሁለት አገር ዜጋ ሆኖ መኖርን፣ አይቀበልም። የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 በአንቀጽ 20 እንደሚደነግገው፣ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል፤ በውጭ አገር በመወለዱ ወይም ከወላጆቹ አንዱ የውጭ ዜጋ በመሆኑ ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅም፣ አካለ መጠን ካደረሰ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ የውጭውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን መምረጡን ካላሳወቀ ያው ውጤት ይከተለዋል። አካለ መጠን የሚደረሰው በ18 ዓመት ስለሆነ፣ ይህ የምርጫ ዓመት ብዙ ወጣቶች 12ኛ ክፍልን ጨርሰው ለዩኒቨርሲቲ ከሚያመለክቱበት ወቅት ጋር ይገጥማል፤ እንዲህ ላለ ከባድ ውሳኔ ጊዜው እጅግ አጭር ነው።

ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ ያደገ፣ ነገር ግን አሜሪካ ውስጥ የተወለደ ተማሪ ወደዚያው ሲያመለክት የሚመዘገበው እንደ ውጭ አገር ተማሪ ሳይሆን እንደ አሜሪካ ዜጋ ነው። የአሜሪካ ዜጋ የአሜሪካ ቪዛ ስለማይሰጠው፣ የክፍል ጓደኞቹ ለተማሪ ቪዛ የሚያቀርቡት አይ-20 የተባለው የዩኒቨርሲቲ የቅበላ ሰነድም ሆነ የባንክ ሒሳብ መግለጫ አይጠየቅም፤ ፋፍሳ በተባለው ቅጽ አማካይነትም የፌዴራል መንግሥቱን የትምህርት ብድርና ድጎማ መጠየቅ ይችላል። ይሁን እንጂ የክፍለ ግዛት ዩኒቨርሲቲዎች ዝቅተኛውን ክፍያ የሚፈቅዱት በአብዛኛው በግዛቲቱ ለኖሩ ቤተሰቦች በመሆኑ፣ ፓስፖርቱ ብቻውን የክፍያውን ጥያቄ አይፈታም።

በእንግሊዝ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይጠብቃል፤ እንደ አገር ልጅ ለመክፈል በመሠረቱ ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት ለሦስት ዓመታት በዚያ መኖር ስለሚጠይቅ፣ የብሪታንያ ፓስፖርት ይዞ ቡራዩ የተማረ ወጣት የውጭ ተማሪዎችን ከፍተኛ ክፍያ ሊጠየቅ ይችላል። ለሁለተኛ ዲግሪ የሚሰጡት የነፃ ትምህርት ዕድሎችም ለዚህ ዓይነቱ ተማሪ የተዘጉበት ጊዜ አለ፦ ፉልብራይት የአሜሪካ ዜግነት ያለውን፣ ቼቭኒንግም ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር የብሪታንያ ዜግነት ያለውን አመልካች አይቀበሉም። ስለዚህ አንዱን ዜግነት ሸሽጎ በሌላው ማመልከት ከሐሰት መግለጫ የሚቆጠርና የተገኘውን ዕድል የሚያሳጣ አደገኛ መንገድ ነው።

የውጭውን ዜግነት የመረጠ ወጣት በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ አውጥቶ፣ ያለ ቪዛ መግባት፣ ያለ መኖሪያና ሥራ ፈቃድ መኖርና መሥራት ይችላል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም፣ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶችም አይቀጠርም።